ልደትና መጠጥ፦ ከባለልደቱ ይልቅ ጓደኞቹን ብንይዝስ? (ድሬ)

ከዚራ_ልጅ • ክሩን የከፈተው • ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ድሬ ካሉት ጊቢዎች በአንዱ አራተኛ ዓመት ነኝ። የጊቢውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የሁላችንም ነው።

እኛ ጋ ልደት እንዴት እንደሚከበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቀን ላይ ውሃ ይደፋል። ዱቄት ይበተናል፣ አንዳንዴም እንቁላል ይሰበራል። ይሄ ሳቅ ነው። ችግሩ ማታ ነው። ተሰብስበን ከጊቢ እንወጣለን። መዋጮ ስላለ ባለልደቱ አይከፍልም። ስለማይከፍል ደግሞ እምቢ ማለት ያፍራል። አንዱ ቢራ ያዝለታል። ሌላው «የኔንስ?» ይላል። ሦስተኛው ሾት ያስቀዳለታል። ስምንት ጓደኛ ካለው ስምንቱም «የኔን ሳትጠጣማ አትነሳም» ይሉታል። እያንዳንዱ የጋበዘው አንድ ብቻ ስለሆነ ማንም ክፉ ነገር ያደረገ አይመስለውም። ልጁ ግን የጠጣው ስምንቱንም ነው።

በዚህ ሴሚስተር አንድ የማውቀው ልጅ በልደቱ ማታ ራሱን ሳተ። ጓደኞቹ ተሸክመው ዶርም አስገቡት፣ አልጋው ላይ አጋደሙት፣ በቃ። ክሊኒክ ያልወሰዱት ጨክነውበት አይደለም። «ዲሲፕሊን ይቀርብብናል» ብለው ፈርተው ነው። ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን። ግን የተረፈው በፈጣሪ ቸርነት እንጂ እኛ አውቀን ባደረግነው ነገር አይደለም።

አሁን ከተወሰኑ ልጆች ጋር ሆነን ለተማሪዎች ህብረት ሐሳብ ልናቀርብ ነው። ፖስተር አልፈልግም። «መጠጥ ይጎዳል» የሚል ፖስተር ካፌው በር ላይ ከፍሬሽማንነቴ ጀምሮ ተለጥፏል። ማንም ቆሞ ሲያነበው አላየሁም።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ልደት ላይ ስንት እንደሚጠጣ የሚወስኑት ጓደኞቹ ናቸው፣ ባለልደቱ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከጓደኞቹ ጋር መሆን አለበት፣ ያውም ቀኑ ሳይደርስ። እንዴት እናድርገው? የምታውቁትን፣ ያያችሁትን ንገሩኝ።


መጋላ_77 • ማክሰኞ ማታ 2:40

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደግ ነው። ግን አታወሳስበው። አገሪቱ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ጊቢ ውስጥ ካለው ተማሪ ስንቱ ነው 21 የሞላው? አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ያለው አብዛኛው አልሞላውም። መታወቂያ ይጠየቅ። በር በጊዜ ይዘጋ። ሰክሮ የገባ ይቀጣ። አለቀ።


ከዚራ_ልጅ • ማክሰኞ ማታ 2:52

መጋላ፣ ሕጉን እደግፋለሁ። መታወቂያ የሚጠይቅ ቤት ቢበዛ ደስ ይለኛል፣ በሐሳባችን ውስጥም እናስገባዋለን። በሩ ግን ሌላ ነው። በር በጊዜ ሲዘጋ ልጆቹ ውጭ አልጋ ይይዛሉ። እዚያ ቢታመሙ ፕሮክተር የለ፣ ክሊኒክ የለ፣ የሚያይ ሰው የለ። ቅጣቱን ደግሞ ከላይ ከጻፍኩት ልጅ ጋር አስበው። ጓደኞቹን ከክሊኒክ ያስቀራቸው ቅጣት መፍራት ነው።


አስተናጋጅ_ሳቢያን • ማክሰኞ ማታ 3:30

እኔ ተማሪ አይደለሁም። ማታ ማታ መጠጥ ቤት ነው የምሠራው። ትንሽ ፋታ አግኝቼ ነው የምጽፈው።

የልደት ጠረጴዛ ገና ሲገቡ ይታወቃል። ኬክ ይዘው ይመጣሉ፣ «ፍሪጅ አስገባልን» ይላሉ። ኬኩ የሚወጣው ሌሊት ነው፣ ባለልደቱ ቢላ መያዝ ሲያቅተው። ምግብ አያዙም። መዋጮው የተቆጠረው ለመጠጥ ነዋ። ባዶ ሆድ ላይ ድራፍት፣ ከዚያ ጂን፣ ከዚያ የመጣው ሁሉ።

ኬኩን ገና ስትገቡ ቁረሱት። ፍርፍርም ቢሆን እዘዙና ጠረጴዛው መሃል ይቀመጥ። የሚበላ ሰው ቀስ ይላል። ሌላው ጠርሙስ ነው። ሾት በመለኪያ ስቀዳ እኔም እቆጥራለሁ፣ እናንተም ትቆጥራላችሁ። ሙሉ ጠርሙስ ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን በውሃ ብርጭቆ ነው የሚቀዳው። ከዚያ በኋላ ማን ስንት እንደጠጣ የሚያውቅ የለም። ያየሁት ክፉ ማታ ሁሉ ጠርሙስ የነበረበት ነው።

አስተናጋጁንም አትርሱት። አንድ ልጅ ቀድሞ ገብቶ «ለባለልደቱ እኔ ሳልነግርህ ምንም አታምጣ» አለኝ። ማታውን ሙሉ አክብሬለታለሁ። ባለቤቱ መሸጥ ይፈልጋል፣ አልዋሽም። ግን ቤቱ ውስጥ ሰው ወድቆ ፖሊስ እንዲመጣበት የሚፈልግ ባለቤት አላየሁም።


ሲስተር_ሐረር • ማክሰኞ ማታ 4:20

ሐረር ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከዚራ_ልጅ፣ ስለ ዶርሙ የጻፍከውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፣ ለህብረቱም ስትጽፉ አስገቡት።

«ይተኛበት፣ ነገ ይነሳል» ይባላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹን ሾቶች የጠጣው አሁን ከሆነ አልኮሉ ገና ሆዱ ውስጥ ነው። እሱ ቢተኛም ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም። ስታስተኙት ደህና ይመስላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሶበት ታገኙታላችሁ።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አምስት ከመቶ አልኮል ካለው፣ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል ይዟል። ጉበት ያንን ለማጥራት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስምንት ቢራ የጠጣ ልጅ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ አልኮሉ ከደሙ ላይወጣ ይችላል። ይህን የሚያፋጥን ነገር የለም። ቡና ያነቃው ይመስላል እንጂ አልኮሉን አያወጣም። ቀዝቃዛ ሻወር ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ያለን ሰው ጭራሽ ያቀዘቅዘዋል። ጣት ከትቶ ማስመለስ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ራሱን የሳተ ሰው ሲያስመልስ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በስካር ሰውን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይህ መታነቅ ነው።

ታዲያ መቼ ነው መሮጥ ያለባችሁ? ጠርታችሁት፣ ነቅንቃችሁት፣ ትከሻውን ቆንጥጣችሁት ካልነቃ። ትንፋሹን በሰዓት ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከስምንት በታች ከሆነ፣ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ካለፈ አትጠብቁ። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ተኝቶ ካስመለሰ እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ እስኪሟሉ አይጠበቅም፣ አንዱ ይበቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን አምጡት።

እስኪደርስ በጎኑ አስተኙት። ጉልበቱን አጠፍ አድርጉት፣ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። በጀርባው አይተኛ። ብቻውንም አይተው።

ደግሞ ይህን ስሙኝ። እኛ ጋ ስታመጡት ማንም «ለምን ጠጣ» ብሎ አይጮህባችሁም። የምንጠይቃችሁ ምን ጠጣ፣ ስንት ጠጣ፣ መቼ ጠጣ፣ ሌላ ምን ወሰደ ብለን ነው። እውነቱን ንገሩን። ጫት ከሆነ ጫት በሉ፣ ኪኒን ከሆነ ኪኒን በሉ።


ቢላል_ድድ • ማክሰኞ ማታ 4:45

አቦ ሲስተር፣ አላህ ይስጥሽ። ይህን ቴሌግራም ላይ ለሁሉም ልልከው ነው።

ጫት ካነሳሽ አይቀር እኔ ልቀጥል። የኛ አገር ልደት ከአዲስ አበባው በዚህ ይለያል። ልደቱ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት በመቃም ይጀምራል። ከአወዳይ የመጣ ጥሩ ጫት ይቀርባል። ማታ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላም፤ ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ሁላችን እናውቃለን። ከዚያ ደግሞ ጫቱ ስላነቃው ስካሩ አይሰማውም። «እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ እየዋሸ አይደለም፣ የምሩን ነው። ምርቃናው ሲወርድ ስካሩ አንዴ ይወድቅበታል። እኔ ያየኋቸው የወደቁ ልጆች አብዛኞቹ እንዲህ የዋሉ ናቸው። ስለዚህ ለጓደኞች የምትነግሩት ነገር ውስጥ ይህ ይግባ፦ በርጫና ጨብሲ በአንድ ቀን አይሁን፣ በተለይ ልደት ላይ።

ሁለተኛው። ዋሪያ፣ እኛ ድሬ ላይ ነን! አንድ የጓደኛ ስብስብ ውስጥ ግማሹ የማይጠጣ ሆኖ ታገኛለህ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም። የዶርሜ ልጅ ኦርቶዶክስ ነው፣ በጾም አይጠጣም። ሌላው ፌሎሺፕ ነው (ፕሮቴስታንት)፣ ጭራሽ አይጠጣም። ልደቱ ማታ መጠጥ ቤት ሲሆን እኛ ወይ እንቀራለን፣ ወይ ሄደን ለስላሳ ይዘን ጥግ እንቀመጣለን። የምወደው ጓደኛዬ ልደት ላይ መቅረት ያመኛል። አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ ሙሸበክና ሳምቡሳ፣ ሻይ፣ ለፈለገ ሶፊ ማልት ቢሆን ሁላችንም እንገኛለን። ማንም ሳይከለከል የመጠጡ ሰዓት ያጥራል።


መጋላ_77 • ማክሰኞ ማታ 5:02

ሙሸበክ ብላችሁ ሰው ከመጠጥ አታስቀሩም። ከሙሸበኩ በኋላ ተነስተው ይሄዳሉ።


ቢላል_ድድ • ማክሰኞ ማታ 5:10

የሚሄድ ይኖራል። ግን ጠግቦ ይሄዳል፣ መዋጮውም ግማሹ አልቋል። እኔ መጠጥ ይጥፋ አላልኩም። ሰው አይሙት ነው ያልኩት።


መምህር_ጀ • ረቡዕ ጠዋት 1:30

እንደምን አደራችሁ። ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ማታ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከሌላ አገር ልምድ የምጨምረው አለኝ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ በደንብ ተጠንቷል።

እዚያም ሕጋዊው ዕድሜ 21 ነው። ክልሎቹን ሁሉ ወደዚያ ያመጣቸው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የፌደራል ሕግ ነው። በዚህ የተነሳ 21ኛ ልደት «አሁን ተፈቀደልኝ» የሚባልበት ማታ ሆነ። ዕድሜህን ያህል መለኪያ ጠጣ የሚል ልማድም ተፈጠረ። ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ላይ 2,518 ተማሪዎች የተጠየቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አለ። 83 ከመቶው 21ኛ ልደታቸውን በመጠጥ አክብረዋል። ከጠጡት ወንዶች ሲሶ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ሩብ ያህሉ 21 መጠጥና ከዚያ በላይ መጠጣታቸውን ተናግረዋል። እነዚህ ሁሉ የለየላቸው ጠጪዎች አይደሉም። በሌላው ቀን በልክ የሚጠጣ ተማሪ ነው በዚያ ማታ ልኩን የሚያልፈው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በ21ኛ ልደቱ ይህን ልማድ ሲከተል ሞተ። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም። 21 ዓመት ሊሞላቸው ለተቃረቡ ተማሪዎች የልደት ካርድ እንዲላክ አደረጉ። ካርዱ መልካም ልደት ይላል፣ የልጃቸውን ታሪክ ይነግራል፣ አደገኛ ምልክቶቹን ይዘረዝራል። ሐሳቡ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደረሰ። ተመራማሪዎች ሲለኩት ግን ካርድ ብቻውን የሚጠጣውን መጠን ብዙም አልቀነሰም። ይህን የምነግራችሁ የወላጆቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም። ከዚራ_ልጅ ስለ ፖስተሩ የጠረጠረው እውነት መሆኑን ለማሳየት ነው። ሰው ምክሩን አንብቦ ሊስማማ ይችላል። ማታ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን ካርዱ አይደለም፣ ጓደኞቹ ናቸው።

የተሻለ የሠራው ሌላ መንገድ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አላን ማርላትና ባልደረቦቹ ለተማሪዎች አጭር የምክር ዘዴ አዘጋጅተው ነበር። በኋላ ዘዴው ለልደት እንዲሆን ተቀየረ። ልደቱ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተማሪውን ፊት ለፊት ያነጋግሩታል። አይሰብኩትም። «ስንት ለመጠጣት አስበሃል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ክብደትህ ስንት ነው?» ይሉታል። ከዚያ ያሰበው መጠን ደሙ ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንደሚያደርስ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ሰው ምን እንደሚሆን አብረው ያሰላሉ። ከማታው የሚፈልገውንም ይጠይቁታል። ብዙው የሚፈልገው መዝናናትና ማስታወስ ነው። ስሌቱ ግን ምንም እንደማያስታውስ ይነግረዋል። በዚህ መንገድ የተነጋገሩት ተማሪዎች ካልተነጋገሩት ያነሰ ጠጥተዋል። በኮምፒውተር የተሰጠ ተመሳሳይ ምላሽም ጥቅም አሳይቷል።

አንድ ሌላ ነገር እኛም ጋ ያለ ይመስለኛል። ተማሪ ሌላው ተማሪ ከሚጠጣው በላይ ይጠጣል ብሎ ያስባል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያከብረው» ይላል፣ ግን አልጠየቀም። እናንተ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ስም የሌለበት ወረቀት አድሉ። «በመጨረሻው ልደትህ ስንት ጠጣህ? ሌላው ሰው ስንት ይጠጣል ብለህ ትገምታለህ?» ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አውጡና ለጥፉ። ፖስተር የግድ ከሆነ እንዲህ ያለው ይሁን።

ቅጣትን በተመለከተ መጋላ ቅር እንዳይላቸው እንጂ እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ደንብ አወጣ። የሰከረ ጓደኛውን ለማዳን እርዳታ የጠራ ተማሪ፣ ታማሚውም ጭምር፣ በመጠጡ ምክንያት አይቀጣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። ለህብረቱ ከምታቀርቡት ሁሉ ይህችን አስቀድሙ። ገንዘብ አትጠይቅም።


ከዚራ_ልጅ • ረቡዕ ጠዋት 2:10

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ስለ ደንቡ የጻፉትን እንዳለ እንወስደዋለን።

አንድ ነገር ግን እኛ ጋ አይሠራም። አሜሪካኖቹ ልደቱን የሚያውቁት ከሪጅስትራር ነው። እኛ ሪጅስትራር ያለው ቀን የብዙ ልጆች እውነተኛ ልደት አይደለም። የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ የጻፈለት ቀን ነው። እውነተኛውን ቀን የሚያውቀው ዶርሙ ነው። ስለዚህ የዶርም ተወካዮችን ይዘን መሄድ አለብን ማለት ነው። ከልደቱ ሳምንት በፊት ተወካዩ ለኛ ይነግረናል፣ እኛ ከሁለት ከሦስት የቅርብ ጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብለን እናወራለን። ስሌቱንም ከነሱ ጋር እንሠራለን። ስምንት ሰው አንድ አንድ ቢጋብዘው ድምሩ ምን እንደሚያደርገው በቁጥር ይዩት።


ምዕራፍ_ዘ • ረቡዕ ጠዋት 4:05

የኔ 21ኛ ልደት በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ይህን ክር ተኝቼ አላነበብኩትም!

ከዚራ_ልጅ፣ ብዙው ነገርህ ልክ ነው። «የሚወስኑት ጓደኞቹ ናቸው» የምትለው ላይ ግን አልስማማም። ባለልደቷ አፍ አላት። ችግሩ የምትናገርበት ሰዓት ነው። ማታ ጠረጴዛ ላይ ሆነሽ «በቃኝ» ብትዪ ማንም አይሰማሽም፣ እንዲያውም ጨዋታ ይሆናል። ከሳምንት በፊት ግሩፑ ላይ ብትጽፊው ግን ይሰማል። እኔ ጽፌያለሁ። «ከሁለት በላይ አልጠጣም። ለመጠጥ ያሰባችሁትን ለራት አድርጉልኝ፣ ፎቶ ላይ ዓይኔ ተገልጦ መታየት እፈልጋለሁ» ብዬ። አንዷ ተቆጣች፣ ሌሎቹ ግን እሺ አሉ። አንዱማ በውስጥ መስመር «እኔም እንዲህ ማለት ፈልጌ አፍሬ ነበር» አለኝ።

ለሴት ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ እዚህ ማንም አላነሳውም። መጠን እኩል ብንጠጣም እኩል አንሰክርም።  ከዚያ በላይ ደግሞ ማን ነው ወደ ቤት የሚወስደኝ የሚለው አለ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ራሷን የማታውቅ ልጅን «እኔ አደርሳታለሁ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እኛ ሴቶቹ ዶርም ውስጥ የተስማማነው ነገር አለ። አብረን እንገባለን፣ አብረን እንወጣለን፣ ማንንም ለማንም ትተን አንመጣም። ባጃጁን ቀድመን እናናግራለን፣ የምናውቀውን ልጅ። ብርጭቋችንን ትተን አንነሳም። ይህ በሐሳባችሁ ውስጥ በአንድ መስመር እንዳይታለፍ፣ አደራ።


ሲስተር_ሐረር • ረቡዕ ጠዋት 4:30

ምዕራፍ ያለችው ትክክል ነው። የሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ በመጠን ያንሳል። አንድ ዓይነት ክብደት ቢኖራቸውም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ የሴቷ ደም ውስጥ ያለው አልኮል ይበልጣል። ክብደቷ ባነሰ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል።


ከዚራ_ልጅ • ረቡዕ ጠዋት 4:48

ምዕራፍ፣ ያልሽው ገብቶኛል። ባለልደቱም ከሳምንት በፊት በራሱ አፍ ይናገር፣ ጓደኞቹም ቃል ይግቡ። ሁለቱም ይሁኑ። ግን አንቺን የሰሙሽ ጓደኞችሽ ለመስማት ዝግጁ ስለነበሩም ነው። የፍሬሽማን ልጅ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከብደዋል። ገና የሚቀበሉት ሰዎች እየፈለገ ነው። ለሱ አንድ ትልቅ ልጅ ከጎኑ ሆኖ «እኔም እንዲሁ ነኝ» ሊለው ይገባል።


ቢላል_ድድ • ረቡዕ ቀን 6:20

አንድ አደራ አለኝ። «አንድ የማይጠጣ ሰው ይመደብ» ሲባል ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምመደበው። የሁሉንም ስልክ እኔ ይዤ፣ የሁሉንም ትውከት እኔ ጠርጌ፣ ባጃጅ እኔ ፈልጌ። ጓደኞቼን እወዳለሁ፣ አደርገዋለሁም። ግን ከሚጠጡትም አንዱ በየተራው ለዚያ ማታ ይተው። ዛሬ ያንተ ተራ፣ በሚቀጥለው ልደት የሱ። ያኔ በንጹህ ዓይን ምን እንደሚመስል ሁሉም ያየዋል።


ምዕራፍ_ዘ • ረቡዕ ቀን 6:31

ቢላል፣ ልክ ነህ። የኔ ልደት ላይ አንተ እንግዳ ነህ። ሥራ የለህም።


ገንደቆሬ_ተከራይ • ረቡዕ ከሰዓት 9:15

የጊቢ ልጆች ሐሳባችሁ ሁሉ ፕሮክተርና ክሊኒክ ላለው ነው። እኛ የግል ኮሌጅ የምንማረው ቤት ተከራይተን ነው። ልደት የሚከበረው የተከራየነው ክፍል ውስጥ ነው፣ መጠጡም በጄሪካን የመጣ አረቄ ነው፣ ስለሚረክስ። የዶርም ተወካይ የለንም። እንደኔ ከሆነ የክፍል ተጠሪዎች ቢያዙ ይሻላል፣ ለኛ ዶርማችን ክፍላችን ነው። አከራዮችንም እናናግር። እኔ ያለሁበት ግቢ እማማ «ልደት ካለ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ሌሊት አንዴ እየተነሳሁ አያችኋለሁ» ብለውናል። በዚህ ማታችን ተለውጧል።


ሲስተር_ሐረር • ረቡዕ ከሰዓት 9:40

ወንድሜ፣ አረቄውን በተመለከተ ተጠንቀቁ። ጥንካሬው አይታወቅም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ሜታኖል የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በማግስቱ ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ካለው «ሀንጎቨር ነው» ብላችሁ አታስተኙት፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት አምጡት። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።


የጀጎል_እናት • ረቡዕ ማታ 1:50

ልጆቼ፣ ሐረር ነው ያለሁት። ልጄ ዘንድሮ ድሬ ገብቷል። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነባችሁ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ ወላጆች ምን እናድርግ? በልደቱ ቀን ብደውልለት ጓደኞቹ ይስቁበት ይሆን?


ምዕራፍ_ዘ • ረቡዕ ማታ 2:05

እናቴ፣ ይደውሉ! ማንም አይስቅበትም። ግን ማታ ሳይሆን ቀን ላይ፣ ምሳ ሰዓት። «ተጠንቀቅ» ብቻ ብለው አይዝጉ። ከማን ጋር እንደሚውል ይጠይቁት፣ የአንዱን ጓደኛ ስልክ ይቀበሉት፣ ለዚያ ጓደኛው «አደራ» ይበሉልን። የሰው እናት አደራ ያለችውን ልጅ ጥሎ የሚመጣ የለም። ከቻሉ ደግሞ ለምሳ የሚሆን ይላኩ፣ ጓደኞቹን ይጋብዝ። የልደቱ ትልቁ ነገር ምሳው ይሆናል።


መጋላ_77 • ረቡዕ ማታ 2:30

መምህር፣ ቅር አላለኝም። የኮርኔሉን ነገር አሰብኩበት። እርዳታ የጠራ አይቀጣ፣ እሺ። ግን ጠርሙስ ይዞ ጊቢ የሚገባው ይቀጣ። መጠጥ ቤቶቹም መታወቂያ ይጠይቁ። ይህ ከተጻፈ እኔም አብሬያችሁ ነኝ። የከተማው ንግድ ቢሮ ውስጥ የምናውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ለጊቢው ቅርብ ስላሉት ቤቶች እናነጋግራለን።


ከዚራ_ልጅ • ረቡዕ ማታ 3:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጋላ፣ ሁለቱም ይጻፋል።

የጓደኞቹን መልእክት ረቂቅ አዘጋጅተናል። ልደቱ ሳምንት ሲቀረው ተወካዩ ለቅርብ ጓደኞቹ የሚልከው፣ በቴሌግራም ነው። አስተያየት ስጡበት፦

«ሰላም። የጓደኛችን ልደት ደርሷል። ቀኑ እንዲያምር እናንተን ነው የምንተማመነው። ከመውጣታችሁ በፊት አብራችሁ ብሉ፣ ኬኩንም ያኔ ቁረሱ። የዋለው በርጫ ላይ ከሆነ ማታውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ማታ ባለልደቱ ራሱ ይዘዝ፣ ማንም አይዘዝለት። ስጦታ መስጠት ከፈለጋችሁ ከመጠጥ ሌላ ስጡት። ጠርሙስ ሙሉ አትግዙ። ስንት እንደሚጠጣ ከአሁኑ ጠይቁት፣ የተናገረውን አስከብሩለት። ዛሬ የማይጠጣው ማን ነው? ስሙን እዚህ ጻፉ፣ ባለፈው የነበረው አይድገም። አብራችሁ ውጡ፣ አብራችሁ ግቡ። ካልነቃ ዶርም አታስገቡት፣ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት ወይም 907 ደውሉ።»


ሲስተር_ሐረር • ረቡዕ ማታ 3:58

ጥሩ ነው። «ካልነቃ» የሚለው ላይ «ወይም ትንፋሹ ከዘገየ» ጨምሩበት። «በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት» የሚለውንም። እነዚህ ሦስቱ ከሁሉ በላይ፣ መጀመሪያ መስመር ላይ ይሁኑ። ሰው ረጅም መልእክት እስከ መጨረሻው ላያነብ ይችላል።


አስተናጋጅ_ሳቢያን • ረቡዕ ማታ 4:15

«አስተናጋጁን ቀድማችሁ አናግሩት» የሚለውም ይግባ። እኔ ደግሞ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች መልእክቱን አሳያቸዋለሁ፣ ከየት እንደመጣ እንዲያውቁ።


ከዚራ_ልጅ • ረቡዕ ማታ 4:32

ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ የሲስተር ሦስቱ መስመሮች ከላይ ወጥተዋል። ለገንደቆሬ ልጆች «ዶርም» የሚለው «ክፍል» ተብሎ ሌላ ቅጂ ተዘጋጅቷል። ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ከህብረቱ ጋር ቀጠሮ አለን፤ ቢላልና ምዕራፍ አብረውኝ ይገባሉ፣ መምህርም ስለ ደንቡ ለማስረዳት እሺ ብለውናል። ሐረር ጊቢ ያላችሁ መልእክቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ዛሬ ማታውኑ እልክላችኋለሁ።